ሲኒው አይለይ
(የጤና ትምህርት፦ ስለ ኤች.አይ.ቪ.፣ ስለ መገለልና ስለ ማኅበር ጥቅም)



ስለ ኤች.አይ.ቪ. እስከ ዛሬ በክፍልም ሆነ በክበብ ብዙ ተምራችኋል። ቫይረሱ ምን እንደሆነ፣ ከሰው ወደ ሰው በምን እንደሚተላለፍና እንዴት መከላከል እንደሚቻል ብትጠየቁ አብዛኞቻችሁ ትመልሳላችሁ። የዛሬው ትምህርት ስለ ሌላ ጉዳይ ነው። ቫይረሱ በደሙ ውስጥ የሚገኝ ሰው መድኃኒት እያለለት፣ ጤና ጣቢያም እየቀረበው፣ በሰው ዓይንና በሰው አፍ ምክንያት ብቻ ሊሞት ይችላል። ይህን የሚያደርገው መገለል ነው። መገለልን ለማሸነፍ ከታወቁት መንገዶች አንዱ ደግሞ ሰዎች በማኅበር ተሰባስበው እርስ በርስ መደጋገፋቸው ነው።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት ካነበባችሁ በኋላ፦

1. መገለል ምን እንደሆነና ሰውን እንዴት እንደሚጎዳ ትገልጻላችሁ፤
2. በእውነትና በወሬ መካከል ያለውን ልዩነት ታውቃላችሁ፤
3. በአገራችንና በሌሎች አገሮች ማኅበራት የሠሩትን ትናገራላችሁ፤
4. አንድ የመረዳጃ ቡድን በምን ዓይነት ደንብ መሥራት እንዳለበት ታስረዳላችሁ።

ክፍል 1፦ ለመነሻ የሚሆን ታሪክ

የሚከተለው ታሪክ ለትምህርት ተብሎ የተዘጋጀ እንጂ የአንድ የተወሰነ ሰው ታሪክ አይደለም። ሆኖም ኦምዱርማን የኖራችሁ ሁሉ እንዲህ ያለውን ግቢ ታውቁታላችሁ።

ኦምዱርማን ከካርቱም ማዶ፣ ከጣና የሚመጣው ዓባይና ነጭ ዓባይ ከሚገናኙበት ሥፍራ አጠገብ የምትገኝ ትልቅ ከተማ ናት። ከ2023ቱ ጦርነት ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በዚህች ከተማ በአንድ የጭቃ ግቢ ውስጥ አራት የሐበሻ ቤተሰቦች ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ከእነርሱ መካከል አንዲት እናት ከ12 ዓመት ልጇ ጋር በአንዲት ክፍል ትኖራለች። በገበያው ዳር በዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሻይና ቡና እያፈላች ትሸጣለች። ዓርብ የዕረፍት ቀን ስለሆነ የግቢው ሴቶች ከሰዓት በኋላ ተራ በተራ ቡና ያፈላሉ።

ይህች እናት ቫይረሱ በደሟ ውስጥ እንዳለ ካወቀች አራት ዓመት ሆኗታል። መድኃኒቷን በየምሽቱ በሰዓቱ ትወስዳለች፤ ጤናዋም ደኅና ነው። ነገር ግን ማንም እንዳያውቅባት መድኃኒቱንና የሕክምና ካርዷን በበርበሬ ጣሳ ውስጥ ትደብቃለች።

አንድ ቀን እርሷ ገበያ ሳለች ጎረቤቷ በርበሬ ልትበደር መጣች። ልጁ ምንም ሳይጠረጥር ጣሳውን አንሥቶ ሰጣት። ጎረቤቲቱ ጣሳውን ስትከፍት ካርዱን አገኘች፤ አነበበችውም። እስከ ማታ ድረስ በግቢው ያልሰማ አልነበረም።

በሚቀጥለው ዓርብ ቡና ሲቀዳ ለሁሉም አበባ ያለበት ሲኒ ቀረበ፤ ለእርሷ ግን ጠርዙ የተሸረፈ ነጭ ሲኒ ተሰጣት። ከተጠጣ በኋላም ሌሎቹ ሲኒዎች በአንድ ላይ ሲታጠቡ የእርሷ ብቻውን ተለይቶ ተቀመጠ። የተናገረ ሰው የለም። እርሷም አልተናገረችም። አቦሉን ጠጥታ ቶናው ሳይደርስ «ሥራ አለብኝ» ብላ ተነሣች። በር ላይ ቆሞ የነበረው ልጇም ሲኒውን አይቷል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደ ቡናው መምጣት አቆመች። ማታ መድኃኒቷን ስታወጣ ሰው በመስኮት የሚያያት እየመሰላት አንድ ቀን ትዘላለች፤ በኋላም ሁለት ቀን፤ በመጨረሻ ጨርሳ ተወችው። ከሁለት ወር በኋላ ከሳች፤ ትኩሳትም እየተመላለሰ ይይዛት ጀመር። ጎረቤቶቹ «አያችሁ፣ በሽታው እየጨረሳት ነው» ተባባሉ። ልጁ ግን የሚጨርሳት ምን እንደሆነ ያውቅ ነበር። በግቢው ወደሚከበሩት አንዲት አዛውንት ሄደና፦

«እማማ፣ እናቴ መድኃኒቷን ትታለች» አላቸው።

«ለምን ተወችው ልጄ?»

«ያ ሲኒ ነው እማማ።»

አዛውንቷ ዝም አሉ። በሚቀጥለው ዓርብ ተራው የእርሳቸው ነበር። ቡናውን ከቆሉ በኋላ ራሳቸው ወደ እርሷ በር ሄዱ።

«ልጄ፣ ቡና ደርሷል፤ ነይ።»

«ይቅርብኝ እማማ። በሲኒ ላስቸግርዎ አልፈልግም።»

«ሲኒ መቼ ቸገረኝ? ስድስቱም አንድ ዓይነት ናቸው። ተነሺ።»

እርሷም እምቢ ማለት አፍራ መጣች። አቦሉን ጠጥታ ሲኒዋን መለሰች። አዛውንቷ ያንኑ ሲኒ አንሥተው፣ ሳይለቀልቁ፣ ቶናውን ለራሳቸው ቀዱበትና ሁሉም እያየ ጠጡት። በረካው ሲቀዳ ማንም ሲኒ አልመረጠም።

ወሬውን ያወራችው ጎረቤት በዚያን ቀን አልመጣችም። ከብዙ ጊዜ በኋላ ግን ወደ እናቲቱ መጥታ «ወንድሜን አገር ቤት ያስታመምኩት ብቻዬን ነበር። ያን ጊዜ መድኃኒት አልነበረም፤ እጄ ላይ ነው የሞተው። ፈርቼ ነው፤ ይቅር በዪኝ» አለቻት።

እናቲቱ መድኃኒቷን እንደገና ለመጀመር ወደ ሐኪም ስትሄድ አዛውንቷ አብረዋት ሄዱ። ቀስ በቀስም ከሌላ ግቢ ሁለት ሴቶች ነገሩን በጆሮ ሰምተው መጡ፤ እነርሱም ለብቻቸው የያዙት ተመሳሳይ ምስጢር ነበራቸው። በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ መገናኘት፣ ትንሽ ገንዘብ ማዋጣትና አንዷ ሌላዋን መድኃኒቷን እንድትወስድ ማስታወስ ጀመሩ። «አገር ብንለቅ እንኳ ካርድና የወር መድኃኒት ከልብስ በፊት ይያዛል» የሚል ደንብም አወጡ።

በ2023 በትንሣኤ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ጠዋት ጦርነቱ ሲጀመር ይህ ደንብ ጠቀማቸው። ግቢው ተበተነ፤ ሲኒዎቹም እዚያው ቀሩ። እናቲቱና ልጇ ግን ገዳሪፍ ሲደርሱ ካርዱ በእጃቸው ነበር።

ክፍል 2፦ መገለል እንዴት ይሠራል?

መገለል ማለት አንድን ሰው ባለበት ሁኔታ ምክንያት ከሌላው ለይቶ ማየት፣ ዝቅ ማድረግና ማራቅ ነው። ሦስት መልክ አለው።

ሀ) ከሌሎች የሚመጣ መገለል። ሲኒ መለየት፣ ቤት ከልክሎ አለማከራየት፣ ልጅን «ከእርሱ ጋር አትጫወት» ማለት የዚህ ምሳሌዎች ናቸው።

ለ) ራስን ማግለል። ሰውየው የሌሎችን አስተያየት ተቀብሎ «እኔ አልረባም፤ ብቀር ይሻላል» ሲል ነው። እናቲቱ «በሲኒ ላስቸግርዎ አልፈልግም» ያለችው ለዚህ ነው።

ሐ) በተቋም ውስጥ የሚታይ መገለል። በመሥሪያ ቤት፣ በሕክምና ቦታ ወይም በትምህርት ቤት ሰውን በቫይረሱ ምክንያት ማንገላታት፣ ምስጢሩንም ሌላው እንዲሰማ ጮክ ብሎ መናገር ነው።

አሁን ታሪኩን መለስ ብላችሁ ተመልከቱ። ፍርሃት ሲኒ እንዲለይ አደረገ። የሲኒው መለየት እናቲቱን ከሰው አራቃት። ከሰው መራቋ መድኃኒቷን አስተዋት። መድኃኒቱን መተዋ አሳመማት። ሕመሟ ደግሞ ጎረቤቶቹን ይበልጥ አስፈራቸው። ይህ እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ነገር ነው፤ መጨረሻው ተመልሶ መጀመሪያውን ያጠነክረዋል። ጎረቤቶቹ «በሽታው ጨረሳት» ያሉት ሕመም ግማሹ የራሳቸው ሥራ ነበር።

በስደት ላይ ደግሞ ይህ ሰንሰለት ይጠብቃል። በአገር ቤት አንዱ ሰፈር ቢያገልህ ወደ ሌላው ዘመድ ትሄዳለህ። በስደት ግን ግቢው ጠባብ ነው፤ ወገን ጥቂት ነው፤ የአስተናጋጁ አገር ሰውም አንዳንድ ጊዜ «በሽታ ያመጣው እንግዳው ነው» ይላል። ቫይረሱ ግን ዜግነት አይመርጥም። ስለዚህ ስደተኛው ሁለት ጊዜ ይገለላል፤ አንድ ጊዜ በስደተኛነቱ፣ ሌላ ጊዜ በራሱ ወገን።

ክፍል 3፦ እውነቱን ከወሬው መለየት

መገለል የሚኖረው ፍርሃት ስላለ ነው፤ ፍርሃት የሚኖረውም ብዙ ጊዜ እውቀት ስለሚጎድል ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን በደንብ አጥኑ።

ኤች.አይ.ቪ. የሚተላለፈው በአራት የሰውነት ፈሳሾች ነው፤ እነርሱም ደም፣ የወንድ የዘር ፈሳሽ፣ የሴት የብልት ፈሳሽና የእናት ጡት ወተት ናቸው። ስለዚህ ያለ ጥንቃቄ በሚደረግ የግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ በተበከለ መርፌና ስለት፣ ባልተመረመረ ደም፣ እንዲሁም ከእናት ወደ ልጅ በእርግዝና፣ በወሊድና በማጥባት ጊዜ ይተላለፋል።

ቫይረሱ በምራቅ፣ በላብና በእንባ አይተላለፍም። አብሮ በመብላት፣ በመጎራረስ፣ በአንድ ሲኒ ቡና በመጠጣት፣ በመጨባበጥ፣ በመሳሳም፣ በአንድ ክፍል በመማር፣ በአንድ መጸዳጃ ቤት በመጠቀም አይተላለፍም። በትንኝም አይተላለፍም። እንግዲህ በኦምዱርማኑ ግቢ የተለየው ሲኒ ማንንም ከምንም አላዳነም።

ስለ መድኃኒቱም ማወቅ ይገባችኋል። ኤድስ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕክምና ጽሑፍ የተገለጸው በ1981 በአሜሪካ ነው። ቫይረሱ በ1983 በፓሪስ በፓስተር ተቋም ተለይቶ ታወቀ። ለብዙ ዓመታት በሽታው የሞት ፍርድ ተደርጎ ይታይ ነበር። በ1996 ግን ብዙ ዓይነት መድኃኒቶችን አቀናጅቶ መስጠት ሲጀመር ነገሩ ተለወጠ። ፀረ-ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ቫይረሱን ከሰውነት ጨርሶ አያጠፋውም፤ እንዳይራባ ግን ያግደዋል። የሰውነት የመከላከያ ኃይልም እንደገና ይጠነክራል። መድኃኒቱን በጊዜ ጀምሮ በየቀኑ በሰዓቱ የሚወስድ ሰው እንደ ማንኛውም ሰው ሠርቶ፣ ወልዶና ልጆቹን አሳድጎ ሊያረጅ ይችላል።

ከዚህም በላይ፣ መድኃኒቱን በትክክል የሚወስድና በምርመራ የቫይረሱ መጠን ሊታይ ከማይችልበት ደረጃ የወረደ ሰው ቫይረሱን በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም። ይህ በ2016 እና በ2019 ይፋ በሆኑ፣ ብዙ ጥንዶችን ለዓመታት በተከታተሉ ጥናቶች ተረጋግጧል። እናትም መድኃኒቱን በእርግዝናና በማጥባት ጊዜ በሥርዓት ብትወስድ ልጅዋ የመያዝ ዕድሉ ከ100 ከ5 በታች ሊወርድ ይችላል። ምንም ሕክምና ከሌለ ግን ከ100 ከ15 እስከ 45 ይደርሳል።

ተቃራኒውንም አስታውሱ። መድኃኒቱን አንድ ቀን ወስዶ አንድ ቀን መዝለል አደገኛ ነው፤ ቫይረሱ መድኃኒቱን ይለምደዋል፤ ያ መድኃኒትም ከዚያ በኋላ ላይሠራ ይችላል። እንግዲህ አንድን ሰው አሳፍሮ መድኃኒቱን እንዲደብቅ ማድረግ ቀላል ጥፋት አይደለም።

ክፍል 4፦ በአገራችን ማኅበራት የሠሩት

በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በ1986 ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ስለ በሽታው በግልጽ የሚናገር ጥቂት ነበር። ሰው ሲሞት «በሳንባ ነው»፣ «በወባ ነው» ይባል ነበር። ቤተሰብም ዕውነቱን ቢያውቅ እንኳ ይደብቅ ነበር።

በ1997 ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ የሚገኝ ወገኖችና በበሽታው ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆች ተሰባስበው በአዲስ አበባ መቅድም ኢትዮጵያ የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1998፣ ተስፋ ጎህ ኢትዮጵያ ተመሠረተ። በዚያው ዓመት መንግሥትም የኤች.አይ.ቪ./ኤድስ ፖሊሲ አወጣ። የእነዚህ ማኅበራት አባላት በትምህርት ቤት፣ በእድርና በመሥሪያ ቤት ሰው ፊት ቆመው «ቫይረሱ በደሜ ውስጥ አለ፤ እዩኝ» ብለው ተናገሩ። ያን ጊዜ ይህን ማለት ቤትን፣ ሥራንና ዘመድን ማጣት ሊያስከትል የሚችል ነገር ነበር። ነገር ግን አንድ ሰው ብቻውን ከሚናገረው ይልቅ ብዙዎች በማኅበር ሆነው የሚናገሩት ይሰማል፤ የሚመጣውንም መከራ ይካፈሉታል።

ማኅበራቱ ሲቋቋሙ በአገሪቱ ለሕዝብ የሚደርስ መድኃኒት አልነበረም። ሥራቸው በአብዛኛው ማስተማር፣ ማስታመም፣ ማጽናናት፣ ሲሞትም በክብር መቅበርና ልጆቹን መጠበቅ ነበር። በ2003 መድኃኒቱ በክፍያ መሰጠት ጀመረ፤ በ2005 ደግሞ በነጻ መታደል ጀመረ። ከዚያ በኋላ የመረዳጃ ቡድን ሥራ ተለወጠ። አባላት አንዱ ሌላውን መድኃኒቱን እንዲወስድ ማስታወስ፣ የጠፋውን ፈልጎ ወደ ሕክምናው መመለስ፣ ሠርቶ እንዲበላ መርዳት ዋና ሥራቸው ሆነ።

እድርም ድርሻ ነበረው። እድር እንደምታውቁት ሰው ሲሞት ለቀብርና ለኀዘን የሚረዳዳ ማኅበር ነው። በሽታው ብዙ አባላትን መውሰድ ሲጀምር ግን ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች አንዳንድ እድሮች አንድ ጥያቄ አነሡ፦ «ለሞተው ድንኳን ከምንተክል በሕይወት ሳለ ለምን አንረዳውም?» ደንባቸውን አሻሽለው ሕሙማንን መጠየቅና ወላጅ ያጡ ልጆችን መርዳት ጀመሩ። እድር በሰፈሩ የተከበረ ስለሆነ፣ የእድር ዳኛ የአንድን በሽተኛ ቤት ሲረግጥ ጎረቤቱ ሁሉ ይከተላል።

የሃይማኖት አባቶችም ቃል ከባድ ነው። ብዙ ሕሙማን ፈውስ ፍለጋ ወደ እንጦጦ ማርያም ጠበል ይሄዱ ነበር። ከእነርሱም አንዳንዶቹ «መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጉደል ነው» ብለው ያቋርጡ ነበር። በ2007 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ እንደማይቃረኑ፣ ሁለቱንም አብሮ መጠቀም እንደሚቻል በይፋ አስተማሩ። ይህ ትምህርት መድኃኒቱን በመውሰዳቸው ኃጢአት የሠሩ ይመስላቸው ለነበሩት ትልቅ እፎይታ ነበር።

ክፍል 5፦ ከሌሎች አገሮች ምን እንማራለን?

ኡጋንዳ። በ1987 ኖሪን ካሌባ የተባሉ ሴት ባለቤታቸው በኤድስ ሞቱባቸው። እርሳቸውም ባለቤታቸውን ሲያስታምሙ መገለልን ቀምሰዋል። በዚያው ዓመት ቫይረሱ ካለባቸውና ቤተሰባቸው ከተነካ ጥቂት ሰዎች ጋር ሆነው ታሶ የተባለውን የመረዳጃ ድርጅት በካምፓላ መሠረቱ። መጀመሪያ ሥራቸው መገናኘት፣ መነጋገርና አብሮ ማልቀስ ብቻ ነበር። በኋላ ግን ታሶ በኡጋንዳ በሙሉ የታወቀ ተቋም ሆነ።

ታይላንድ። ታይላንድ በሩቅ ምሥራቅ እስያ ያለች አገር ናት፤ አብዛኛው ሕዝቧ የቡድሃ እምነት ተከታይ ነው። በዚያ አገር መነኮሳት ማለዳ ማለዳ የምግብ ሳህናቸውን ይዘው በየመንደሩ ያልፋሉ፤ ሕዝቡም ከቤቱ ወጥቶ ምግብ ይሰጣቸዋል። መስጠት ለሰጪው እንደ ጽድቅ ይቆጠራል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቫይረሱ በሰሜን ታይላንድ በተስፋፋ ጊዜ ግን መገለሉም አብሮ ተስፋፋ። ሰዎች ሕሙማን ያዘጋጁትን ምግብ ይፈሩ ነበር።

በ1997 በሰሜናዊቷ ከተማ በቺያንግ ማይ ሳንጋ ሜታ የተባለ ሥራ ተጀመረ። «ሳንጋ» የመነኮሳት ጉባኤ ማለት ነው፤ «ሜታ» ደግሞ ርኅራኄ ወይም ፍቅር ማለት ነው። መነኮሳቱ ስለ ቫይረሱ ትምህርት ከወሰዱ በኋላ ሕሙማንን በቤታቸው ጠየቁ፤ በገዳማቸው የመረዳጃ ቡድኖች እንዲሰበሰቡ ፈቀዱ። ቫይረሱ ያለባቸው ሰዎች ያዘጋጁትንም ምግብ ተቀብለው ሕዝቡ እያየ በሉ። ልምዱ በኋላ ወደ ጎረቤት አገሮችም ደረሰ።

ተማሪዎች ሆይ፣ ይህን ከኦምዱርማኑ ታሪክ ጋር አስተያዩት። መነኮሳቱ ስለ ቫይረሱ ረጅም ስብከት ቢሰብኩ ኖሮ ሕዝቡ ራሱን ነቅንቆ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። የሚከበር ሰው ምግቡን ሲበላ ማየት ግን ሌላ ነገር ነው። እኛም ዘንድ ጉርሻ አለ፤ የጽዋ ማኅበር አለ፤ ሰደቃ አለ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ አለ። ሰውን ለማግለል የምንጠቀምበት ማዕድ ሰውን ለመመለስም ያገለግላል። ይህ የአንድ ሃይማኖት ብቻ ሥራ አይደለም፤ ክርስቲያኑም፣ ሙስሊሙም፣ የቡድሃ ተከታዩም በየራሱ ማዕድ ሊያደርገው ይችላል።

ደቡብ አፍሪካ። ንኮሲ ጆንሰን በ1989 ቫይረሱን ይዞ የተወለደ ልጅ ነበር። በ1997 አሳዳጊ እናቱ በጆሃንስበርግ አንድ ትምህርት ቤት ልታስመዘግበው ስትሄድ ቫይረሱ ስላለበት ተቃውሞ ተነሣ። ነገሩ በአገሪቱ ሁሉ መነጋገሪያ ሆነ። በመጨረሻ ንኮሲ ተማረ፤ በትምህርት ቤት ልጆችን በቫይረሱ ምክንያት ማግለልን የሚከለክል መመሪያም ወጣ። በ2000 በደርባን በተደረገው ዓለም አቀፍ የኤድስ ጉባኤ ላይ፣ በ11 ዓመቱ፣ በብዙ ሺህ ሰዎች ፊት ቆሞ ሰዎች እንዳይፈሯቸው፣ እንደ ማንኛውም ሰው እንዲቀበሏቸው ለመነ። በ2001 በ12 ዓመቱ ሞተ። ዕድሜው ከእናንተ ከአብዛኞቻችሁ ዕድሜ አይበልጥም ነበር።

ክፍል 6፦ ጥሩ የመረዳጃ ቡድን በምን ይታወቃል?

ቡድን ሁሉ ጥሩ አይደለም። ወሬ የሚወጣበት ቡድን ካለመኖር ይከፋል። የሚከተሉት ደንቦች በብዙ ቦታ ተፈትነው የጠቀሙ ናቸው።

1. ምስጢር መጠበቅ። በቡድኑ የተነገረ በቡድኑ ይቀራል። አንድ ሰው ስለ ጤናው የሚናገረው ራሱ ሲፈልግና ለፈለገው ሰው ብቻ ነው። በታሪኩ የጎረቤቲቱ ትልቁ ጥፋት መፍራቷ አልነበረም፤ የሰው ካርድ አንብባ ማውራቷ ነበር።

2. ትንሽ መሆን። ከ6 እስከ 12 ሰው ሲሆን ሁሉም ለመናገር ጊዜ ያገኛል።

3. ቋሚ ቀንና ሰዓት። ሰው «ዓርብ እንገናኛለን» ብሎ የሚጠብቀው ነገር ሲኖረው ሳምንቱን ይችላል።

4. አለመፍረድ። «ከየት ያዝሽው?» የሚል ጥያቄ በቡድን ውስጥ ቦታ የለውም። ጥያቄው «ዛሬ እንዴት ዋልሽ?» ነው።

5. ከጤና ባለሙያ ጋር መገናኘት። ቡድን ሐኪምን አይተካም። መድኃኒት መለወጥም ሆነ ማቋረጥ የሚወሰነው በሐኪም ነው። መድኃኒትም ለሌላ ሰው አይካፈልም።

6. መዋጮ። እንደ እቁብ ትንሽ ትንሽ ማዋጣት ለመጓጓዣና ለችግር ቀን ይሆናል። ሒሳቡም በግልጽ ይያዛል።

7. ለመንገድ መዘጋጀት። ይህ በተለይ ለእኛ ነው። የሕክምና ካርድ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይያዝ፤ የመድኃኒቱ ስም በቃል ይጠና፤ ወደ አዲስ ቦታ ሲደረስ ሳይዘገዩ ጤና ጣቢያ ሄዶ «መድኃኒት ላይ ነበርኩ» ማለት ይገባል።

ክፍል 7፦ እናንተ ምን ልታደርጉ ትችላላችሁ?

«እኛ ልጆች ነን፤ ምን እናደርጋለን?» ትሉ ይሆናል። በታሪኩ ነገሩን ያስተካከለው ግን አንድ ልጅ ነው። ልጁ ያደረገውን አስተውሉ። አልጮኸም፤ ከጎረቤት ጋር አልተጣላም፤ ለጓደኞቹም አላወራም። የሚታመን አንድ ትልቅ ሰው መርጦ ነገረ። እንዲህ ያለ ሸክም በቤታችሁ ካለ ብቻችሁን አትሸከሙት። ከዘመድ፣ ከመምህር ወይም ከጤና ባለሙያ ምስጢር የሚጠብቀውን አንዱን መርጣችሁ ንገሩ።

ቫይረሱ በራሳችሁ ደም ውስጥ ከሆነ፣ ይህ ትምህርት ስለ እናንተ የተጻፈ ብቻ ሳይሆን ለእናንተም የተጻፈ ነው። ምንም ያጠፋችሁት ነገር የለም። መድኃኒታችሁን በሰዓቱ ውሰዱ፤ ተማሩ፤ ለነገ አቅዱ።

በሌላው ላይ ሲደርስ ካያችሁ ደግሞ ሦስት ነገር አድርጉ። ወሬውን አትቀበሉ፤ «ማን ነገረህ?» ሳይሆን «ምን አገባን?» በሉ። «ኤድሳም» ከሚለው ዓይነት ስድብ ምላሳችሁን ጠብቁ፤ ቫይረሱ ያለበት ሰው መጀመሪያ ሰው ነው። በክፍል አጠገቡ ተቀመጡ፤ ከምሳችሁም አካፍሉት። ይህን የምታደርጉት በአደባባይ ይሁን እንጂ ምክንያቱን አትናገሩ።

የቃላት ፍቺ

መገለል፦ ከሌላው ተለይቶ መታየትና መራቅ።
አድልዎ፦ ሰውን ያለ ፍትሕ ከሌላው አሳንሶ ማስተናገድ።
የመከላከያ ኃይል፦ ሰውነት በሽታን የሚዋጋበት ችሎታ።
የቫይረስ መጠን፦ በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ ብዛት በምርመራ ሲለካ።
ምስጢር ጠባቂነት፦ የሰውን የግል ጉዳይ ያለ ፈቃዱ አለማውራት።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. የመገለልን ሦስት መልኮች ከታሪኩም ሆነ ከራሳችሁ ምሳሌ እየሰጣችሁ አስረዱ።
2. «በሽታው ጨረሳት» ያሉት ጎረቤቶች የሳቱት ነገር ምንድን ነው?
3. የሚከተሉትን «ያስተላልፋል» ወይም «አያስተላልፍም» በማለት መልሱ፦ ጉርሻ፤ የተበከለ መርፌ፤ ትንኝ፤ አንድ ሲኒ፤ የእናት ጡት ወተት ያለ ሕክምና።
4. በ2005 በኢትዮጵያ መድኃኒቱ በነጻ መታደል ሲጀምር የመረዳጃ ማኅበራት ሥራ እንዴት ተለወጠ?
5. የታይላንድ መነኮሳትና የኦምዱርማኗ አዛውንት የሠሩት በምን ይመሳሰላል?
6. ለውይይት፦ ጎረቤቲቱ ይቅርታ ስትጠይቅ እናቲቱ ምን ብላ የመለሰች ይመስላችኋል? እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

ተግባር

አራት አራት እየሆናችሁ ለአንድ የመረዳጃ ቡድን የሚሆን አምስት ደንብ ጻፉ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ለክፍሉ አንብቡ። በዚህ ሥራ ላይ ማንም ተማሪ ስለ ራሱ ወይም ስለ ቤተሰቡ ጤና እንዲናገር አይጠየቅም። መናገር የፈለገ መምህሩን ለብቻው ያነጋግር።

መልካም ጥናት።